ቅርፊቱ ሲሰበር፦ ስፒሪት ማርስ ላይ እንዴት ተቀረቀረች

በክረምት ዋልካ መሬት ላይ መኪና የተቀረቀረበት ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሾፌሩ ነዳጅ ይሰጣል። ጎማው ይዞራል፣ መኪናው ግን ንቅንቅ አይልም። ደግሞ ይሰጣል። ጭቃው ወደ ኋላ ይረጫል፣ ጎማው ወደ ታች ይገባል። ትንሽ ቆይቶ የመኪናው ሆድ መሬት ይነካል። ያኔ ተሳፋሪው ይወርዳል። ድንጋይ ይለቀማል፣ ቅጠል ይቆረጣል፣ ጎማው ሥር ይነጠፋል። ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ይገፋል።

አሁን ይህን መኪና ማርስ ላይ አስቡት። ወርዶ የሚገፋ የለም። ድንጋይ የሚያነጥፍ የለም። ሾፌሮቹ ያሉት ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዴና አጠገብ፣ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። የላኩት ምልክት ማርስ እስኪደርስ፣ እንደ ፕላኔቶቹ ርቀት፣ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ መሪ ይዞ መንዳት የሚባል ነገር የለም። የቀኑ ትእዛዝ አንዴ ተጽፎ ይላካል። ምን እንደሆነ የሚታወቀው ከሰዓታት በኋላ ፎቶና ቁጥር ሲመለስ ነው።

ይህ በ2009 የሆነ ነገር ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። የተቀረቀረችው የናሳ ሮቨር (ከምድር በትእዛዝ የምትነዳ ሰው አልባ መኪና) ስፒሪት ናት። የተቀረቀረችበትን ቦታ ባለሙያዎቹ ትሮይ ብለው ሰየሙት። ተሽከርካሪና ልል አፈር ሲገናኙ ምን እንደሚሆን መማር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ጉዳይ አላውቅም። ጎማው ስንት ሜትር የሚያስኬድ ዙር ዞረ፣ መኪናዋ ስንት ሚሊሜትር ሄደች፣ ስንት ሚሊሜትር ሰመጠች፤ ሁሉም ተመዝግቧል።

አምስት ጎማ የቀራት መኪና

ስፒሪት በጃንዋሪ 2004 ጉሴቭ በሚባል፣ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ጎድጓዳ ስፍራ አረፈች። የታቀደላት ሥራ የ90 የማርስ ቀን ነበር። እሷ ግን ከስድስት ዓመት በላይ ሠራች። 180 ኪሎ ገደማ ናት። የማርስ ስበት የምድርን 38 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ መሬቱ ላይ የምታሳርፈው ጫና እዚህ 68 ኪሎ የሚመዝን ሰው ያህል ነው። ለስድስት ጎማ ሲካፈል ለአንዱ 11 ኪሎ ይደርሰዋል። የሁለት ዓመት ልጅ ክብደት ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ። ስፒሪት የሰመጠችው ከባድ ስለሆነች አልነበረም።

ጎማ እላለሁ እንጂ ላስቲክ የለውም። ቁመቱ 25 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ከአንድ ወጥ አሉሚኒየም የተቀረጸ ሲሆን ዙሪያውን መሬት የሚቧጥጥ ጥርስ አለው። እያንዳንዱ ጎማ የራሱ ሞተር አለው። የአራቱ ማዕዘን ጎማዎች ደግሞ ግራና ቀኝ ይታጠፋሉ። ባሌስትራ የላትም። በምትኩ ጎማዎቹን የሚያያይዙ ተጣጣፊ ክንዶች አሏት። አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌሎቹ መሬት እንደረገጡ ይቆያሉ። ፍጥነቷ ቢበዛ በሰከንድ 5 ሴንቲሜትር ነው።

በማርች 2006 የፊት ቀኝ ጎማዋ ሞተር ሞተ። ከዚያ በኋላ ሾፌሮቹ ወደ ኋላ ይነዷት ጀመር። የማይሰራውን ጎማ ወደ ፊት ከመግፋት ከኋላ አስከትሎ መጎተት ይሻላል። ጎማው እንደ ማረሻ መሬቱን እየቀደደ ይከተላት ነበር። በሄደችበት ሁሉ አንድ ረጅም ትልም ትታለች።

ሳይደግስ አይጣላም እንደሚባለው፣ ያ ትልም ትልቅ ነገር አወጣ። በ2007 የሚጎተተው ጎማ ነጭ አፈር ገለበጠ። ሲመረመር 90 በመቶ ገደማ ንጹሕ ሲሊካ (መስታወት የሚሠራበት ማዕድን) ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ዓይነት ክምችት የሚፈጠረው ፍል ውሃ ወይም እንፋሎት ባለበት ነው። የቆመ ጎማ ባይጎተት ኖሮ ማንም አያየውም ነበር። ከስፒሪት ግኝቶች ሁሉ ምናልባት ትልቁ ይሄ ነው።

ይሁን እንጂ ማረሻ መጎተት ጉልበት ይበላል። በአምስት ጎማ ልል ዳገት መውጣት ከበዳት። በ2009 መጀመሪያ ቡድኑ ወደ ደቡብ፣ ፎን ብራውንና ጎዳርድ ወደተባሉ ሁለት ስፍራዎች ሊወስዳት አስቦ ነበር። አቋራጩ ሆም ፕሌት በተባለው ጠፍጣፋ የድንጋይ መደብ ላይ ወጥቶ ማለፍ ነው። ሞከሩ፤ ዳገቱ ላይ ያለው ልል አፈር አላስወጣ አላት። ስለዚህ ዙሪያውን በምዕራብ በኩል ለመሄድ ተወሰነ። ትሮይ ላይ የደረሰውን ነገር ከዚህ ውሳኔ ነጥሎ ማየት አይቻልም። ስድስተኛው ጎማ ቢኖር ኖሮ በዚያ መንገድ መሄድ ላያስፈልጋት ይችል ነበር።

ትሮይ

በኤፕሪል 2009 መጨረሻ ስፒሪት የሆም ፕሌትን ምዕራባዊ ጠርዝ ይዛ፣ በኋላ ማርሽ፣ ወደ ደቡብ ትሄድ ነበር። ካሜራዎቿ የሚያሳዩት መሬት ከወትሮው የተለየ አልነበረም። ጠቆር ያለ፣ ደልደል ያለ፣ ትንሽ ጠጠር ጣል ጣል ያለበት ነው። ዐይን ላይ የሚከብድ ነገር የለውም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ያ ጠቆር ያለው መሬት ስስ ቅርፊት ነበር። ከሥሩ ያለው ቀለሙ ነጣ ያለ፣ የብረት ሰልፌት የሚባል ጨው የበዛበት፣ እርስ በርሱ እምብዛም የማይያያዝ ልል አፈር ነው። በዚያ ላይ ቦታው የተደበቀ ቅርጽ ነበረው። ከብዙ ዘመን በፊት በሜትዮር ምት የተቆፈረ፣ ከዚያም በአፈር ሞልቶ ከላይ የማይታወቅ፣ 8 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጉድጓድ ነው። በኋላ ስካማንደር አሉት፤ በጥንቱ ትሮይ አጠገብ በሚፈሰው ወንዝ ስም። ስፒሪት የሄደችው በጉድጓዱ ከንፈር ላይ ነው። የግራ ጎማዎቿ የሞላው አፈር ላይ አረፉ። የቀኞቹ ጠንከር ያለ መሬት ረገጡ።

የግራ ጎማዎቹ ቅርፊቱን ሰበሩና ገቡ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። ቅርፊቱ መጀመሪያ ክብደቷን ችሎ አሳለፋት፣ ከዚያ ሰጠማት። ሾፌሮቹ ለማውጣት ጥቂት ሙከራ አደረጉ። በየሙከራው መኪናዋ ከመሄድ ይልቅ ሰመጠች። በሜይ መጀመሪያ የመካከለኛው ግራ ጎማ ለጊዜው መዞር አቃተው። ያኔ መንዳት እንዲቆም ተወሰነ። ጎማዎቹ እስከ ወገባቸው ተቀብረው ነበር።

አንድ ሌላ ስጋትም ነበር፤ ሆዷ ሥር ምን አለ? ስፒሪት ሆዷን የምታይበት ካሜራ የላትም። ክንዷ ጫፍ ላይ ድንጋይ በቅርብ የሚያነሳ ማይክሮስኮፕ መሰል ካሜራ ግን አለ። ጥርት አድርጎ የሚያነሳው ከ6 ሴንቲሜትር ገደማ ርቀት ብቻ ነው። ባለሙያዎቹ ክንዱን አጥፈው ወደ ሆዷ ሥር ቢያዞሩት ምን እንደሚታይ መጀመሪያ ሌላ የማርስ ክፍል ላይ በነበረችው እህቷ በኦፖርቹኒቲ ላይ ሞከሩ። ከዚያ በጁን መጀመሪያ በስፒሪት ላይ አደረጉት። ምስሎቹ ድብዝዝ ያሉ ናቸው። ግን የሚፈለገው ታየ። የተቀበሩት ጎማዎች አሉ፣ በመካከል ደግሞ ሾጠጥ ያለ ድንጋይ ወደ ሆዷ ቀና ብሎ ይታያል።

ያ ድንጋይ ሁሉን ነገር አከበደው። ተጨማሪ ጥቂት ሴንቲሜትር ብትሰምጥ ሆዷ ድንጋዩ ላይ ይቀመጥና ክብደቷ ከጎማዎቹ ይነሳል። ክብደት የሌለበት ጎማ ደግሞ መሬት አይዝም። ለምን እንደሆነ ለማየት ወደ አፈሩ እንሂድ።

አፈር ጭነት ሲያርፍበት

ጎማ መኪናን ወደ ፊት የሚያስኬደው መሬቱን ወደ ኋላ በመግፋት ነው። አስፋልት ይህን ግፊት ይችላል። ልል አፈር ግን ልክ አለው። አቅሙ የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው። አንደኛው የቅንጣቶቹ መያያዝ ነው፤ ሸክላ አፈር ይያያዛል፣ የደረቀ አሸዋ አይያያዝም። ሁለተኛው በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ሰበቃ ከላይ ጫና ሲኖር ይጨምራል። አሸዋ በእጃችሁ ጨብጡ፤ ስትጫኑት ይጠነክራል፣ ስትለቁት ይፈሳል። ለዚህ ነው ክብደት የሌለበት ጎማ በባዶ የሚዞረው።

ጎማው ከአፈሩ ልክ በላይ ሲገፋ አፈሩ ይቆረጥና ወደ ኋላ ይሄዳል። ባለሙያዎቹ መንሸራተት ይሉታል፤ በመቶኛ ይለኩታል። ጎማው 10 ሜትር የሚያስኬድ ዙር ዞሮ መኪናው 4 ሜትር ብቻ ከሄደ፣ መንሸራተቱ 60 በመቶ ነው። ክፋቱ መንሸራተት ብቻውን አለመምጣቱ ነው። ጎማው በዞረ ቁጥር ከሥሩ ያለውን አፈር እየዘገነ ወደ ኋላ ይጥላል። የራሱን ጉድጓድ ራሱ ይቆፍራል ማለት ነው። በሰመጠ ቁጥር ደግሞ ከፊቱ ያለው የአፈር ግድግዳ ይረዝማል። ግድግዳውን ለመግፋት ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል፤ ተጨማሪ ጉልበት ተጨማሪ መንሸራተት ያመጣል። ዋልካ ላይ ነዳጅ የሚሰጠው ሾፌር የሚገባበት ወጥመድ ይኸው ነው። በረሃ የለመዱ ሾፌሮች አሸዋ ላይ ሲደርሱ የጎማውን አየር የሚቀንሱት ጎማው ተዘርግቶ ክብደቱን በሰፊው እንዲያሳርፍ ነው። የግመል እግርም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ይህን ነገር ወደ ሳይንስ ያመጣው ሚየችስዋፍ ቤከር የሚባል ፖላንዳዊ መሐንዲስ ነው። በ1905 ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአገሩ ተሰድዶ ካናዳ ገባ፤ በካናዳ ጦር ውስጥ ስለ ተሽከርካሪና ስለ አፈር ማጥናቱን ቀጠለ። በ1950ዎቹ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ይህን የሚያህል ጫና በዚህ አፈር ላይ ባሳርፍ ስንት ሴንቲሜትር ይሰምጣል? መልሱን ለማግኘት ብረት ሳህን አፈሩ ላይ እየተጫኑ ጥልቀቱን መለካት ያስፈልጋል። ከዚያ ቀለበት አሳርፎ እያዞሩ አፈሩ የሚቆረጥበትን ጉልበት መለካት ይከተላል። መሣሪያው ቤቫሜትር ይባላል። ከሁለቱ ልኬቶች ያወጣቸው ስሌቶች እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል። መስኩም ቴራሜካኒክስ ተባለ። ቤከር በኋላ ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ ሆኖ በ1971 ጨረቃ ላይ ለተነዳው የአፖሎ መኪና ሥራ አስተዋጽኦ አድርጓል። የዚያ መኪና ጎማ ከሽቦ መረብ የተሠራ ነበር። ለስላሳ መሬት ላይ ተለጥጦ ክብደቱን በሰፊው እንዲያሳርፍ ነው።

ስፒሪትን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ቤከር ስሌቱ ለትልልቅ ጎማ እንደሚሠራ፣ ጎማው ከ50 ሴንቲሜትር ገደማ በታች ሲሆን ግን እየተሳሳተ እንደሚሄድ ራሱ ተናግሯል። ስሌቱ ከጎማው ሥር ያለውን መሬት ጠፍጣፋ ሳህን እንደተጫነው አድርጎ ይቆጥራል። ትንሽ ጎማ ግን ክብነቱ ይጎላል፤ አፈሩን እንደ ሳህን አይጫነውም። የስፒሪት ጎማ 25 ሴንቲሜትር ነው። ስለዚህ ወረቀት ላይ አስልቶ «እንዲህ አድርጉ» ማለት አይበቃም ነበር። አፈሩን መሥራት አስፈለገ።

ፓሳዴና ላይ የተሠራ ማርስ

ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ውስጥ ለዚሁ ሥራ ትልቅ የአሸዋ ገንዳ አለ። ባለሙያዎቹ የትሮይን አፈር የሚመስል ነገር ፈለጉ። የደረሱበት ዳያቶማይት የሚባለውን ቀላል ዱቄትና የሸክላ አፈር ዱቄትን መቀላቀል ነው። እንደ ዱቄት ብን የሚል፣ ስትረግጡት የሚሰጥም፣ ግን የጎማን ፈለግ ይዞ የሚቆይ ነገር ወጣ። ገንዳውን እንደ ትሮይ አጋደሉት። የሙከራ ሮቨር አስገብተው ጎማዎቿን ቀበሩ። ሆዷ ሥር ድንጋይ አኖሩ። የፊት ቀኝ ጎማዋን አቆሙት። ጁላይ ላይ ሙከራው ተጀመረ።

ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ጎማ አጥፎ ወደ ጎን እንደ ሸርጣን፣ ሁሉም ተሞከረ። ነገሩ አዝጋሚ ነው። ሮቨሯን አንድ ሙከራ ካደረገች በኋላ ማንሳት፣ አፈሩን ማስተካከል፣ እንደገና መቅበር አለ። ሁለት የሙከራ ሮቨሮች ተጠቀሙ፤ አንዷ ሙሉ፣ ሌላዋ ቀለል ያለች። ምክንያቱ ስበት ነው። ምድር ላይ ያለች ሮቨር ማርስ ላይ ካለችው ይበልጥ ትጫናለች። ቀለል ያለችው ያን ለማካካስ ነው።

እዚህ ላይ ግን እኔን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ ጉዳይ አለ። መኪናዋን ማቅለል ይቻላል፤ አፈሩን ማቅለል ግን አይቻልም። በገንዳው ውስጥ ያለው ዱቄት በምድር ስበት ተጠቅጥቆ ይቀመጣል። የማርስ አፈር ግን ራሱም ቀሎ ነው የተቀመጠው፤ ቅንጣቶቹን የሚያጠባብቀው ክብደት ትንሽ ነው። ከላይ ሰበቃ ከጫና ጋር ይጨምራል ያልኩት እዚህ ይመጣል። በ2025 በዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ የዳን ኔግሩት ቡድን ክሮኖ በሚባለው የኮምፒውተር ሲሙሌሽን ይህንኑ አሳየ። ለጨረቃ የታሰበችን ሮቨር ምድር ላይ በቀላል ሞዴል መፈተን ውጤቱን ከእውነታው የተሻለ ያስመስለዋል፤ ምክንያቱም ስበቱ አሸዋውን ራሱን እንደሚለውጠው ሳይታሰብ ቀርቶ ነው። ፓሳዴና የነበሩት ሰዎች ይህ ልዩነት እንዳለ ያውቁ ነበር። ግን ማርስን ወደ ገንዳ ማምጣት የሚችል የለም።

የተወሰነው መንገድ ይህ ነበር፦ ወደ ፊት፣ ማለትም ወደ ሰሜን፣ የመጣችበትን ትልም ተከትላ ትውጣ። የረገጠችው መሬት ቢያንስ የታወቀ ነው።

12 ሚሊሜትር

ኖቬምበር 17፣ 2009 የመጀመሪያው ትእዛዝ ሄደ። ጎማዎቹ ጥቂት ሜትር የሚያስኬድ ዙር እንዲዞሩ ተነገራቸው። አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ቆሙ። ሮቨሯ ለጥንቃቄ ከተፈቀደላት በላይ ማጋደሏን ስላወቀች ራሷን አቆመች። ስድስት ወር የተለፋበት ነገር አንድ ሰከንድ ሳይሞላው አበቃ።

ከሁለት ቀን በኋላ ገደቡ ላላ ተደርጎ እንደገና ተሞከረ። አሁን ጎማዎቹ በድምሩ 5 ሜትር የሚያስኬድ ዙር ዞሩ። የመኪናዋ መካከል ወደ ፊት 12 ሚሊሜትር፣ ወደ ግራ 7 ሚሊሜትር፣ ወደ ታች 4 ሚሊሜትር ሄደ። አስሉት። ከ5,000 ሚሊሜትር 12 ብቻ። መንሸራተቱ ከ99 ነጥብ 7 በመቶ በላይ ነው። ደግሞ 12 ወደ ፊት ስትሄድ 4 ሰምጣለች። ድንጋዩ ከሥር አለ።

በኖቬምበር መጨረሻ የኋላ ቀኝ ጎማዋ መዞር አቆመ። አራት ቀረ። በዲሴምበር ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። ከ2006 ጀምሮ የሞተው የፊት ቀኝ ጎማ ሲፈተሽ ለጥቂት ጊዜ ዞረ። ብዙ አልቆየም፤ ተመልሶ ቆመ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ይበልጥ የምወደው። በጃንዋሪ 2010 ወደ ፊት የሚለው ዕቅድ ተተወና ወደ ኋላ መንዳት ተሞከረ። ጎማዎቹን ግራና ቀኝ እያጠፉ፣ አፈሩን እየቀዘፉ ማለት ይቻላል። አራት ጎማ ብቻ ይዛ፣ በሳምንታት ውስጥ ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ሄደች። ከተቀረቀረች ወዲህ የተገኘ ትልቁ እርምጃ ይህ ነበር። መጀመሪያ ከተመረጠው አቅጣጫ በተቃራኒ መሆኑን ልብ በሉ።

ሜይ ላይ ቆሞ እስከ ኖቬምበር መጠበቁ ስሕተት ነበር? አንዳንዱ እንደዚያ ያስባል። እኔ አይመስለኝም። ሆዷ ሥር ድንጋይ እያዩ በግምት ጎማ ማሽከርከር አይገባም ነበር። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በገንዳው ላይ ያ ሁሉ ወር ከተለፋ በኋላ፣ ከአፈሩ ጋር የሚስማማው እንቅስቃሴ የተገኘው እዚያው ማርስ ላይ፣ በትንሽ በትንሹ እየሞከሩ ውጤቱን በማንበብ ነው። ከኖቬምበር በፊት በጣም ትንንሽ እርምጃዎች፣ እየለኩና እየቆሙ፣ ቢሞከሩ ኖሮ ያ የጃንዋሪ ትምህርት ቀደም ብሎ ይመጣ ነበር ብዬ አስባለሁ። ግን ይህን የምለው ውጤቱን አውቄ ነው። እነሱ አላወቁም።

ፀሐይ

ስፒሪትን በመጨረሻ ያሸነፋት አፈሩ ብቻ አይደለም። የብርድ ወራት መጡባት። ጉሴቭ ከማርስ ወገብ በስተ ደቡብ ነው። በብርድ ወራት ፀሐይ በሰሜን በኩል ዝቅ ብላ ነው የምትሄደው። ሶላር ፓኔሎቿ ጀርባዋ ላይ የተተከሉ ስለሆኑ ራሳቸውን አያዞሩም። ፓኔሉ ወደ ፀሐይ እንዲያጋድል መኪናዋ ራሷ ማጋደል አለባት። በቀደሙት የብርድ ወራት ሾፌሮቹ ወደ ሰሜን ያጋደለ ቁልቁለት ፈልገው ያቆሟት ነበር። በ2008 በሆም ፕሌት ሰሜናዊ ጠርዝ 30 ዲግሪ ያህል አጋድላ አሳለፈች።

ትሮይ ላይ ግን ወደ ደቡብ 9 ዲግሪ አጋድላ ነበር የተቀረቀረችው። ፓኔሎቿን ከፀሐይ አዙራ። የመጨረሻዎቹ ሙከራዎች መውጣት ብቻ አልነበረም ዓላማቸው። ጥቂት ዲግሪ ወደ ሰሜን ማጋደል ቢቻል ብርዱን ለማሳለፍ ይበቃል። አልተቻለም። ጃንዋሪ 26 ላይ ናሳ ስፒሪት ከእንግዲህ በአንድ ቦታ ቆማ የምትሠራ ጣቢያ ትሆናለች አለ። የማርስን ዙረት በሬዲዮ ምልክቷ ለመለካት፣ በዚያም የማርስ እምብርት ፈሳሽ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ታስቦ ነበር። በኋላ ኢንሳይት የተባለችው ጣቢያ በተመሳሳይ መንገድ ለካችው፤ እምብርቱ ፈሳሽ ነው።

ማርች 22፣ 2010 የመጨረሻ ድምጿ ተሰማ። በዕድሜዋ 7 ነጥብ 73 ኪሎ ሜትር ተጉዛለች።

ከትሮይ ወዲህ

እህቷ ኦፖርቹኒቲም ተመሳሳይ ነገር ደርሶባት ነበር፤ በኤፕሪል 2005 ፐርጋቶሪ በተባለ አሸዋ ክምር ላይ ተቀረቀረች። አምስት ሳምንት ገደማ ፈጅቶ፣ ቀጥ ብላ ወደ ኋላ ወጣች። ልዩነቱን ሳስብ ሁልጊዜ ወደ ጎማው እመለሳለሁ። ኦፖርቹኒቲ ስድስት የሚዞር ጎማ ነበራት፤ አሸዋውም ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ነበር። ስፒሪት አምስት ነበራት፤ ግማሽ ጎኗ ደግሞ ሌላ አፈር ላይ። የሚጎተት ጎማ መልሕቅ ነው። አንዱ ጎን ሲሰምጥ ሌላው ሲይዝ መኪናዋ ትጠማዘዛለች እንጂ አትሄድም። ያ 7 ሚሊሜትር ወደ ግራ የሄደችው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

በኋላ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ (ሴንት ሉዊስ ያለው) ሬይ አርቪድሰንና የኤምአይቲው ካርል ያኔማ ከባልደረቦቻቸው ጋር አርቴሚስ የሚባል የኮምፒውተር ሞዴል ሠሩ። የሮቨሯን እያንዳንዱን ክንድና ጎማ፣ ከሥሩም የቤከርን ዓይነት የአፈር ስሌት አስገብተው የተነዳውን መንገድ እንደገና ይነዱታል። ከስፒሪት በኋላ ማርስ የገባችው የናሳ ሮቨር ኪዩሪዮሲቲ የምትነዳው ትሮይን በሚያውቁ ሰዎች ነው። በኦገስት 2014 ሂደን ቫሊ በተባለ አሸዋማ ሸለቆ ውስጥ መንሸራተቱ ከታሰበው በላይ ሲሆን አልገፉበትም፤ መለሷት። የእሷ ጎማ 50 ሴንቲሜትር ነው፤ የስፒሪትን እጥፍ።

የትሮይ አፈር ራሱም ተጠና። ጎማዎቹ እየቆፈሩ ያወጡት ነገር ንብርብር ነበረው። ከላይ ሰልፌት እምብዛም የሌለበት ቅርፊት፣ ከሥር ሰልፌት የበዛበት። ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት ማብራሪያ ስስ ውሃ ነው። በረዶ በጥቂቱ እየቀለጠ፣ የሚሟሟውን ጨው ወደ ታች እያወረደው እንደሄደ። ስፒሪት ባትቆፍር አይታይም ነበር። እግረ መንገዴን፣ ጨውና ሰልፌት ከፍል ውሃ ጋር እንዴት እንደሚኖሩ ለማየት የማርስ ተመራማሪዎች ወደኛው ዳሎል ይመጣሉ።

በማርች 2011 ማርስን የሚዞረው ሪኮነሰንስ ኦርቢተር በላይዋ ሲያልፍ ፎቶ አነሳ። ሆም ፕሌት እንደ ትንሽ ክብ ሰሌዳ ይታያል። በምዕራቡ ጠርዝ አጠገብ አንድ ነጥብ አለች፤ ፀሐይ ፓኔሏ ላይ አርፋ ታብረቀርቃለች። ናሳ እሷን መጥራት ያቆመው ከሁለት ወር በኋላ፣ በሜይ 25፣ 2011 ነው።